«መድኃኒት» የምንለው መርዝና የቤተሰባችን ዐይን

በደቡብ ጎንደር፣ ከጉና ተራራ ሥር ካለው የድንችና የገብስ ማሳ አንሥቶ እስከ ፎገራ ሜዳ የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የሩዝ እርሻ ድረስ፣ በየቤቱ የሚነገር አንድ ቃል አለ፤ «መድኃኒት»። ሽንኩርቱን ተባይ ሲበላው «መድኃኒት ይረጭበት» ይባላል። ጎታውን ነቀዝ ሲደፍረው «መድኃኒት ይደረግበት» ይባላል። ቁንጫና ትኋን እንቅልፍ ሲነሣም ያው «መድኃኒት» ከተቀመጠበት ይወጣል። ይኸው ቃል ለታመመ ልጅ ከጤና ጣቢያ ለሚታዘዘው ሽሮፕም ያገለግላል። ልጅ የሚያምነው የሰማውን ነው። አባቱ «መድኃኒት» እያለ ያስቀመጠው ጠርሙስ ሰው የሚገድል መርዝ እንደያዘ በምን ያውቃል?

ውድ አንባብያን፣ በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ይህ መርዝ በድንገት ሲነካን በዐይናችን ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ከሌላው አካል ለይተን ዐይንን ያነሣንበት ምክንያት አለን። የመርዙ የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ የሚታየው ዐይን ላይ ነው፤ ምልክቱን የሚያውቅ ወላጅ ወይም አያት ነገሩ ሳይከፋ ሊደርስበት ይችላል።

የጦር ሜዳው ጋዝና የማሳው ኬሚካል ዝምድና

በ1936 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገርሃርድ ሽራደር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ተባይ የሚገድል አዲስ ኬሚካል ሲፈልግ አንድ ውሕድ ሠራ። በተከታዩ ወር ከዚህ ውሕድ ጥቂት ጠብታ በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ። ሽራደርና ረዳቱ ብዙም ሳይቆዩ የዐይናቸው ብሌን ጠበበ፤ መብራቱ የደበዘዘ መሰላቸው፤ ትንፋሽም አጠራቸው። ወደ ሥራቸው ለመመለስ ሳምንታት ፈጀባቸው። ያ ውሕድ በኋላ «ታቡን» የሚል ስም የተሰጠው፣ የመጀመሪያው የነርቭ ጋዝ ነበር። በዚህ ዓይነት መርዝ መጀመሪያ የተጎዱት በጦር ሜዳ ያሉ ወታደሮች ሳይሆኑ ፀረ-ተባይ ሊሠሩ የተነሡ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

ከዚያው የኬሚካል ቤተሰብ ሁለት ዓይነት ልጆች ተወለዱ። አንደኛው ወገን ታቡንና ሳሪንን የመሳሰሉት የጦር መሣሪያዎች ናቸው። ሌላው ወገን በእርሻ ዕቃ መደብር የሚሸጡት ማላታይዮን፣ ዲያዚኖን፣ ዲሜቶኤት፣ ክሎርፓይሪፎስና ፕሮፌኖፎስ የመሳሰሉት ፀረ-ተባዮች ናቸው። ባለሙያዎች ይህን ቤተሰብ ኦርጋኖፎስፌት ይሉታል። በኃይል ረገድ የጦር መሣሪያው ከማሳው ኬሚካል እጅግ ይበልጣል። ሁለቱም ሰውነትን የሚያጠቁበት መንገድ ግን አንድ ነው።

እዚህ ላይ ለአያቶቻችን አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ይገባል። በአገራችን «የመርዝ ጋዝ» ሲባል ትዝ የሚለን ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢና በሌሎችም ግንባሮች ከአውሮፕላን ያወረደው መርዝ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው ያሰሙት አቤቱታ አንዱ ይህ ነበር። ያ በዋናነት «ይፐሪት» ወይም የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ሲሆን ቆዳንና ዐይንን እንደ እሳት የሚያቃጥል ነው። የነርቭ መርዝ በዚያን ጊዜ ገና አልተሠራም ነበር። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ የነርቭ መርዝ ሳያቃጥል፣ ቆዳ ሳይልጥ፣ አንዳንዴም ብዙ ሳያሳምም ሊገባ ይችላል። «ስላላቃጠለኝ አልጎዳኝም» ማለት ስሕተት ነው።

ቦይ የሚዘጋው ሰው ሲታሰር

ነርቭ ለጡንቻና ለእጢ ትእዛዝ ከሚያስተላልፍባቸው ኬሚካሎች አንዱ አሴታይልኮሊን ነው። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ ይህን ኬሚካል ወዲያው የሚያጠፋ ኮሊንኢስተሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ነገሩን በመስኖ እንመስለው። የርብን ወይም የጉማራን ውኃ ወደ ማሳው ያስገባ ገበሬ መደቡ ሲጠግብ ቦዩን ይዘጋል። ቦዩን የሚዘጋው ሰው ቢታሰር ውኃው ሳያቋርጥ ይፈስሳል፤ ማሳውም ይሰጥማል። ኦርጋኖፎስፌት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቦይ ዘጊውን ያስረዋል። ትእዛዙ አያቋርጥም። እንባ፣ ምራቅ፣ ላብና የሳንባ አክታ ይጎርፋል፤ ሆድ ይታወካል፤ ጡንቻ ይርገበገባል፤ ኋላም ይዝላል። በከፋ ደረጃ ሰው የሚሞተው መተንፈስ አቅቶት ነው።

ዐይን ውስጥ ደግሞ በዚሁ ትእዛዝ የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ። አንዱ ብሌኑን የሚያጠብበው ነው። ሌላው ሌንሱን ለቅርብ እይታ የሚያስተካክለው ነው። ትእዛዙ ሳያቋርጥ ሲቀር ሁለቱም ተኮማትረው ይቀራሉ። ከዚህ የሚመጡት ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

ብሌኑ የመርፌ ጫፍ እስኪያህል ይጠባል። በቂ ብርሃን ስለማይገባ ቀኑ የደመነ፣ ቤቱ የጨለመ ይመስላል። ቅርብ ያለው ነገር ሲታይ ራቅ ያለው ይደበዝዛል። ከቅንድብ በላይ ግንባርን ቀፍድዶ የሚይዝ ሕመም ይሰማል፤ አንድን ነገር ትኩር ብለው ሲያዩም ይብሳል። ዐይኑ ይቀላል፤ ያለቅሳል። የዐይን ቆብም ሊርገበገብ ይችላል።

መርዙ በርጭት ወይም በእንፋሎት መልክ ዐይንን ብቻ ከነካ ምልክቱ ዐይን ላይ ብቻ ሊወሰን ይችላል። አንዱን ዐይን ብቻ ነክቶት ከሆነ አንዱ ብሌን ጠብቦ ሌላው ደኅና ሆኖ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ያለው የብሌን መጥበብ እንደ መርዙ ዓይነትና መጠን ለቀናት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በአብዛኛው ግን ይመለሳል። መርዙ በቆዳ ወይም በአፍ ከገባ ነገሩ የተለየ ነው፤ የብሌኑ መጥበብ ዘግይቶ ሊመጣ ወይም ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ጠባብ ብሌን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ደኅና ብሌን ግን የምሥክር ወረቀት አይደለም።

የብዙዎቻችን ዐይን ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ብሌኑን ከዙሪያው መለየት ያስቸግራል። ልጁን ወደ ጥላ ያስገቡትና በስልክዎ ባትሪ ከጎን በኩል ለአፍታ ያብሩለት። ከዚያ በዚያው ቦታና ብርሃን ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ዐይን ጋር ያስተያዩት። ጥላ ውስጥ የጤነኛ ልጅ ብሌን ሰፋ ይላል፤ የተመረዘው ግን እንደ ጠበበ ይቀራል።

ከምን ጋር ይምታታል?

አማራ ክልል፣ ደቡብ ጎንደርም ጭምር፣ ትራኮማ በእጅጉ ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በየጊዜው አዚትሮማይሲን የሚታደለውም ለዚሁ ነው። በዚህ ምክንያት የልጅ ዐይን ሲቀላና ሲያለቅስ እናት ቀድማ የምታስበው ትራኮማን ነው፤ ቤት ውስጥ የተረፈ የቴትራሳይክሊን ቅባት ካለ እርሱን ትቀባለች። ይሁንና ትራኮማ ቀስ ብሎ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ብሌንንም እንዲህ አያጠብም። ጠዋት ደኅና የነበረ ልጅ ከሰዓት በኋላ ዐይኑ ቀልቶ፣ ብሌኑ ጠቦ፣ ምራቁ ሲዝረበረብ ከታየ ነገሩ ሌላ ነው።

ሁለተኛው «ምች» ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲረጭ የዋለ ጎልማሳ ማታ ራሱን አሞት፣ አልቦት፣ አቅለሽልሾት ቢመጣ «ምች መታው» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ዳማከሴው የወግ ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ያን ቀን ምን ሲረጭ እንደዋለ ሳይጠየቅ ሌሊቱ ማለፍ የለበትም።

ሦስተኛው አያቶችን የሚመለከት ነው። ለግላኮማ ፓይሎካርፒን የተባለውን ጠብታ የሚጠቀሙ ሰዎች ብሌናቸው በጠብታው ምክንያት ይጠባል። የሚያመላልሱት ጠብታ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ጠብታውም ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

ሕፃናት ላይ ደግሞ ምልክቱ ከአዋቂው ሊለይ ይችላል። ከማላብና ከማልቀስ ይልቅ መዝለፍለፍ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ወይም የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ቀድሞ ሊታይ ይችላል።

ልብስ ላይ ተቀምጦ ቤት የሚገባው

መጋቢት 11 ቀን 1987 ዓ.ም. አንድ የሃይማኖት ቡድን በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ሳሪን ለቀቀ። ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ደግሞ ሐኪም ቤቶችን አጥለቀለቁ። በአቅራቢያው የነበረው ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል በዚያው ቀን ብቻ 640 ሰዎችን ተቀብሏል። አብዛኞቹ በራሳቸው እግር የመጡ ነበሩ፤ «ዐይኔ ጨለመብኝ» የሚለው ቃልም ከብዙዎቹ አፍ ተሰምቷል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በሽተኞቹ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ወደ ክፍሎቹ ገቡ። ከልብሳቸው የሚተነውን መርዝ የተነፈሱ ሐኪሞችና ነርሶችም ዐይናቸው ደበዘዘ፣ ራሳቸውን አመማቸው። ባቡሩ ውስጥ አልነበሩም፤ መርዙ በሰው ልብስ ላይ ሆኖ መጣባቸው።

ከርጭት የተመለሰ አባት እንደዚያው ነው። ጋቢው፣ ሱሪውና ቆቡ የማሳውን ርጭት ተሸክመዋል። ልጁ ሮጦ ይጠመጠምበታል፤ ፊቱን በጋቢው ያሻል፤ በዚያው እጁ ዐይኑን ያሻል። ሚስቱ ልብሱን ከሕፃኑ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ትዘፈዝፋለች። ሳያስበው፣ ሊያቅፋቸው ሲል ያስነካቸዋል። መፍትሔው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ የርጭት ልብስ ለብቻው ይሁን፣ ከቤት ውጭ ይውለቅ፣ ለብቻው በሳሙና ይታጠብ። አባት ልጁን የሚያቅፈው ገላውን ከታጠበ በኋላ ይሁን።

ከቤቱ ውስጥ ደግሞ አንድ አደገኛ ልማድ አለ፤ የማሳውን ፀረ-ተባይ ለቅማል ብሎ በልጅ ፀጉር ላይ ማድረግ፣ ለቁንጫና ለትኋን መኝታ ላይ መርጨት። የራስ ቆዳ መርዝ በቀላሉ ያሳልፋል፤ ከፀጉር ወርዶ ዐይን ለመግባትም ቅርብ ነው። ቅማል ለማጥፋት ፋርማሲ ጠይቁ። የማሳው ለማሳ ብቻ ይሁን።

ዐይን ውስጥ ቢገባ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ውኃ። ሰውየውን ከርጭቱ ቦታ አርቁት። የተበከለውን ልብስ አውልቁለት። የተጎዳውን ዐይን ወደ ታች አዘንብሎ፣ ቆቡን በጣት ከፍታችሁ፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ እንዲፈስስ አድርጋችሁ ንጹሕ ውኃ ሳታቋርጡ አፍስሱ። ይህ ሲሆን ውኃው ወደ ደኅናው ዐይን አይገባም። ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መታጠብ አለበት። ረጅም ይመስላል፤ ቢሆንም አትቁረጡት። ማሳ ላይ ከሆናችሁ ለመጠጥ የያዛችሁት ውኃ ለዚህ ይዋል። የሚያጥበው ሰው በእጁ ላይ ጓንት ወይም ፌስታል ቢያጠልቅ ራሱን ይጠብቃል። ፊት፣ ፀጉርና ገላም በሳሙናና በውኃ ይታጠብ።

ዐይኑን ማሸት አይገባም። ቅቤ፣ የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም የሌላ ሰው የዐይን ጠብታ አታድርጉበት። መርዙ በአፍ ገብቶ ከሆነ ለማስታወክ አትሞክሩ። ብዙ ረጪዎች «ወተት መርዙን ይሽረዋል» ብለው ያምናሉ፤ ወተት የታሰረውን ኢንዛይም አይፈታም። ወተት ፍለጋ የሚጠፋው ሰዓት ነው ጉዳቱ።

ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። የመርዙን ጠርሙስ በደንብ ዘግታችሁ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ጽሑፉ እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ከምንም በላይ የሚፈልገው ይህን ነው። ምራቅ መዝረብረብ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ብዙ ላብ፣ የጡንቻ መርገብገብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም መቃዠት ካለ ለደቂቃ አትዘግዩ። በቆዳ የገባ መርዝ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል፤ የጡንቻ መዛል ደግሞ ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ «ይቆይ» ካለ «ተሽሎታል» ብላችሁ አታውጡት።

ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው ዋና ማርከሻ አትሮፒን ነው። ይህ ንጥረ ነገር በየጓሮውና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር (አጠፋሪስ) ውስጥም አለ። አስተናግር የበላ ሰው ብሌኑ ሰፍቶ፣ አፉ ደርቆ የሚለፈልፈው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ «ቅጠሉን ቀቅለን እንስጠው» የሚል ሐሳብ እንዳይመጣ አደራ። በቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፤ ራሱም መርዝ ነው። ሐኪም የሚሰጠው ተለክቶ፣ ትንፋሽና የልብ ምት እየታየ ነው። አትሮፒን የተሰጠው ሰው ብሌኑ ሲሰፋ ቤተሰብ «ዳነ» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። ሐኪሙ ግን የሚያየው ሳንባው መድረቁንና ትንፋሹ መስተካከሉን ነው። ብሌን መስፋቱ ብቻ የመዳን ምልክት አይደለም።

ምልክቱ ከተወገደ በኋላም ሰውየው ብርሃን የሚያስቸግረው፣ ንባብ የሚከብደው ወይም እይታው የደበዘዘበት ከሆነ በዐይን ሐኪም መታየት አለበት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከፍተኛ የዐይን ሕክምና የሚሰጥበት ማዕከል ስላለ ከደብረ ታቦር ሪፈር ማስጻፍ ይቻላል።

ጠርሙሱ የት ነው ያለው?

አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ገበያ ላይ ግን ከትልቁ ዕቃ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ አለ። ምልክት የሌለው፣ ስሙ ያልተጻፈበት ፈሳሽ በውኃ መጠጫ ዕቃ ቤት ሲገባ ልጅ እንደ ውኃ፣ አያት እንደ አረቄ ሊያነሡት ይችላሉ። ቢጎዱም ሐኪሙ ምን እንደጠጡ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ የምንገዛው በራሱ ዕቃ፣ ከነጽሑፉ ይሁን። ባዶውም ዕቃ ታጥቦ ለዘይት ወይም ለጠላ አይሁን፤ ተበስቶ ይወገድ።

ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ በቁልፍ ይዘጋበት፤ ቁልፉም በአንድ አዋቂ እጅ ይሁን። ከአልጋ ሥር፣ ከጎታ ኋላ ወይም ከእህል ጆንያ ጎን አይቀመጥ። ቁልፉ የሚጠብቀው ሕፃናትን ብቻ አይደለም። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ መርዝ ታመው ከሚመጡት ብዙዎቹ በቅያሜ ወይም በተስፋ መቁረጥ ሰዓት የጠጡት ወጣቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ያልፋል። በዚያ ሰዓት መርዙ በቅርብ አለመገኘቱ ሕይወት ያተርፋል። ቤታችሁ ውስጥ የከፋው፣ ዝም ያለ ልጅ ካለ ጠርሙሱን ከቤት አውጡ፤ ልጁን ደግሞ ቀርባችሁ አነጋግሩት፣ ወደ ጤና ባለሙያም ውሰዱት።

በርጭት ጊዜ መነጽር፣ ጓንት፣ ቦቲ ጫማና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ነፋስ ከፊት ሲመጣ አይረጭም። የተዘጋ የመርጫ አፍ በከንፈር አይነፋም። ልጅ መርዝ እንዲበጠብጥ፣ ውኃ እንዲያቀብል ወይም ረድፍ እንዲያሳይ አይታዘዝ። እርጉዝና የምታጠባ እናትም ከርጭቱ ትራቅ።

በደራና በፎገራ ያሉ አያቶች ጓያ በችግር ዘመን የስንቱን እግር እንደያዘ ያውቃሉ። ጓያ እህል ነው፤ ነርቭን ግን ይጎዳል። ያንን ለልጆቻቸው ነግረው ብዙዎችን እንዳስጠነቀቁ ሁሉ ስለዚህኛውም ቢናገሩ ይሰማሉ። መጀመር የሚቻለው ከስሙ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ያለውን ጠርሙስ አንሡና ልጆች በተሰበሰቡበት «ይህ መድኃኒት አይደለም፤ መርዝ ነው» በሏቸው። ከዚያ ቆልፉበት።

ለሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።